ተከሳሹ ሞተሪኖ፣ ጥፋተኛው ሌላ፦ የቻርልስ ኬተሪንግ ሕይወት

መኪና አልነሳ ሲል በከተማችን የተለመደ አንድ የፍርድ አሰጣጥ አለ። ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሩ ዝም ይላል። ወዲያውኑ ሞተሪኖው ተከሳሽ ይሆናል። ምስክር ሳይሰማ፣ ማስረጃ ሳይመረመር ይፈረድበትና ይፈታል። ሶማሌ ተራ ተሂዶ ሌላ ሞተሪኖ ይገዛል፣ ይገጠማል። ቁልፉ እንደገና ይዞራል፤ ሞተሩ አሁንም ዝም! ባለ መኪናው በዚህ ጊዜ ገንዘቡን፣ ግማሽ የሥራ ቀኑንና በመካኒኩ ላይ የነበረውን እምነት አጥቷል። ያተረፈው ነገር ቢኖር የተፈረደበት ሞተሪኖ ምናልባት ንፁህ እንደነበረ ማወቁን ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መባሉ ለእንዲህ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም።

ሕግ ያጠና ሰው ከሞተሪኖ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። ለደረሰ ጥፋት ትክክለኛውን ተጠያቂ መለየት የዳኛም የመካኒክም የዕለት ሥራ ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ቀድሞ በገባው ተጠርጣሪ ላይ ለመፍረድ ይፈተናሉ። ሁለቱም ከተሳሳቱ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህም ዛሬ የማወጋችሁ የሞተሪኖው አባት ስለሆነው ሰው ነው። ሰውየው አሜሪካዊው ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ ይባላል። ይህ ሰው በአንድ ዕድሜ ውስጥ የምርመራን ጥበብ በተግባር ያሳየም፣ ምርመራን ያጎደለም ነው። ሁለቱም ወገን ለእኛ ትምህርት አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይኑ የታመመው ተማሪ

ኬተሪንግ ነሐሴ 29 ቀን 1876 በኦሃዮ ግዛት፣ ላውደንቪል በምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከአምስት ልጆች አራተኛው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ደካማ ስለነበር ጥቂት ካነበበ ራሱን ያመዋል። ለማንበብ የተቸገረ ልጅ እጁን ማሠራት ይለምዳልና እሱም የሚፈታታ፣ የሚገጣጥም፣ ነገርን በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ የሚያውቅ ልጅ ሆኖ አደገ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደጨረሰ በገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ማታ ማታ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ሙቀትና ስለ መግነጢስ በሙከራ ያሳያቸው ነበር። በኋላ ዉስተር ኮሌጅ ገባ፤ ቀጥሎም ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። ይሁን እንጂ የዓይኑ ሕመም በረታበትና ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ።

ያን ጊዜ የገባበት ሥራ የስልክ መስመር ዝርጋታ ነው። ጉድጓድ ከሚቆፍሩና ምሰሶ ከሚተክሉ ሠራተኞች ጋር ውሎ ማደር ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ አለቃቸው ሆነ። ለትምህርቱ እንቅፋት የመሰለው ጊዜ ትልቁ ትምህርት ቤቱ ሆነለት ማለት ይቻላል። የስልክ መስመር ሲበላሽ ችግሩ ስልኩ ላይ ይሁን ምሰሶው ላይ፣ ሽቦው ላይ ይሁን መጋጠሚያው ላይ በግምት አይታወቅም። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ እየለኩ እስከ ሌላው ጫፍ መሄድ ያስፈልጋል። ኬተሪንግ ይህን ልማድ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1904 በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቀ። የወደፊት ባለቤቱን ኦሊቭ ዊሊያምስንም ያወቃት በዚያው የስልክ ሥራ ዘመን ነበር፤ በ1905 ተጋቡ።

ገንዘብ መቁጠሪያው ማሽን ያስተማረው

ከተመረቀ በኋላ ዴይተን ከተማ በሚገኘው ናሽናል ካሽ ሬጅስተር ኩባንያ ተቀጠረ። የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽኖች በዚያ ዘመን የሚሠሩት በእጅ በሚዞር እጀታ ነበር። ኬተሪንግ ይህን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ አድርግ ተባለ። ችግሩ የቦታ ጥበት ነው። ማሽኑን ለማንቀሳቀስ ብርቱ ሞተር ያስፈልጋል፤ ብርቱ ሞተር ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ማሽኑ ውስጥ አይገባም።

ኬተሪንግ ሞተሩ የሚሠራው ምን ያህል ጊዜ ነው ብሎ አሰበ። ደንበኛ ይመጣል፣ ሻጩ ቁልፉን ይጫናል፣ ሞተሩ ለአፍታ ይዞራል፣ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ የሚዞር የፋብሪካ ሞተር አይደለም። እንግዲያው ትንሹን ሞተር ከአቅሙ በላይ ለአፍታ ብናሠራው ሳይግል ሥራውን ይጨርሳል፤ ከዚያም ያርፋል ማለት ነው። ነገሩ ተሳካ። በኩባንያው ውስጥ በቆየባቸው አምስት ዓመታት 23 ፓተንቶችን አስገኘ።

በዚያው ኩባንያ ኤድዋርድ ዲድስ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ነበር። ዲድስ ወደፊት የሚያስበላው መኪና መሆኑን ያየ ሰው ነው። ሁለቱ ሰዎች በዲድስ ግቢ ውስጥ ባለ ጎተራ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ማታ ማታና በዕረፍት ቀናት ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ይሠሩ ጀመር። መጀመሪያ የያዙት የመኪናን የእሳት አሰጣጥ ማሻሻል ነበር። የካዲላክ ኩባንያ አለቃ የነበረው ሄንሪ ሊላንድ ሥራቸውን አይቶ 8,000 ዕቃ አዘዘ። ጎተራው ኩባንያ ሆነ፤ በ1909 የተቋቋመው የዴይተን ምህንድስና ላቦራቶሪዎች ኩባንያ፣ በአጭሩ ዴልኮ ተባለ። ይህ ስም ዛሬም ድረስ በባትሪና በመለዋወጫ ካርቶኖች ላይ ይነበባል።

የማኖቬላ ዘመን

የዛሬ ሹፌር ቁልፍ ሲያዞር ወይም ቁልፍ የሌለውን አዝራር ሲጫን የቀድሞዎቹ ምን ያህል መከራ እንዳዩ አያስበውም። ሞተር ለማስነሳት ከመኪናው ፊት ቆሞ ማኖቬላ አስገብቶ በክንድ ጉልበት ማዞር ግድ ነበር። እሳቱ ቀድሞ ከተሰጠ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ማኖቬላው ተመልሶ እጅ ላይ ያርፋል። የዘመኑ ሐኪሞች በዚህ ምክንያት የሚደርሰውን የእጅ አንጓ ስብራት የሹፌር ስብራት ብለው ስም አወጡለት። ስሙ እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አለ።

የሞተሪኖን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ልብ የሚነካ ትረካ ይደጋግማሉ። ባይሮን ካርተር የተባለ የመኪና ሠሪ በ1910 ገደማ ዲትሮይት ውስጥ መኪናዋ የቆመባትን ሴት ሊረዳ ማኖቬላ ሲያዞር መንጋጋው ተሰበረ፤ በዚያም ጠንቅ ሞተ፤ ወዳጁ ሊላንድም አዝኖ ኬተሪንግን ማኖቬላን የሚያስቀር ነገር እንዲሠራ ለመነው ይባላል። ትረካው ያምራል፤ ግን በችሎት አይቆምም። ካርተር የሞተው በ1908 ሲሆን ምክንያቱም የሳንባ ምች እንደነበረ መዝገብ ያሳያል። ሊላንድ ማኖቬላን መጥላቱ እውነት ነው፤ ለመጥላት ግን የአንድ ወዳጅ ሞት አያስፈልገውም ነበር። በየመንገዱ የሚሰበረው እጅ በቂ ነው። ቆንጆ ትረካና ትክክለኛ ምክንያት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ልብ እንድትሉ ነው ይህን ማንሳቴ።

ማኖቬላን ለማስቀረት የታመቀ አየር፣ ጥምዝ ሽቦ፣ ጋዝም ተሞክሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር ያሰቡትም አልጠፉም። ነገር ግን ብዙዎቹ መሐንዲሶች ሲያሰሉ የመኪናን ሞተር የሚያዞር ኤሌክትሪክ ሞተር የመኪናውን ሞተር ያህል ትልቅ መሆን አለበት የሚል ውጤት ያገኙ ነበር። ስሌታቸው ስህተት አልነበረም፤ የተሳሳተው ጥያቄያቸው ነው። ያሰሉት ያለማቋረጥ ለሚሠራ ሞተር ነበር። ኬተሪንግ ግን ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽኑን አልረሳም። መኪና ማስነሳት የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው ያርፋል።

በየካቲት 1911 ሞተሪኖ የተገጠመለት ካዲላክ ለሊላንድ ቀረበ። የ1912 ሞዴል ካዲላኮች ይህንኑ ይዘው ለገበያ ወጡ። ኬተሪንግ የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው በ1911 ሲሆን ፈቃዱ የተሰጠው በ1915 ነው። ፎርድም ሳይወድ በግድ በ1919 ለሞዴል ቲ መኪናው ሞተሪኖ ማቅረብ ጀመረ። ጉልበት ያልፈጠረለት ሰው፣ ሽማግሌውም ሴቷም ያለ ረዳት መኪና መንዳት ቻለ። ያለ ማኖቬላ መነሳት ትልቁ መኩሪያቸው የነበረው የዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ መኪኖችም ገበያቸው ተዘጋ።

አንዲት ነገር እዚህ ላይ እንድትያዝልኝ እፈልጋለሁ። ኬተሪንግ የሠራው አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው አሠራሩ ያው አንዱ ማሽን ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ተገልብጦ ዲናሞ ይሆናል፤ ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው ደግሞ ለእሳቱም ለመብራቱም ይሰጣል። የፈጠረው ዑደት ነው። ከዑደቱ አንዷ መጋጠሚያ ከላላች ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናው ይቆማል።

ያልተሰሙት ምስክሮች

ወደ ጋራዣችን እንመለስ። አዲስ ሞተሪኖ ተገጥሞ ሞተሩ የማይዞር ከሆነ መጠየቅ ያለበት ዑደቱ ነው። ዑደቱ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በወፍራሙ ኬብል ወደ ሞተሪኖው የሚገባው፣ ከዚያም በሞተሩ አካል አልፎ በኔጌቲቩ ኬብል ወደ ባትሪው የሚመለሰው የጉልበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ከቁልፉ ተነስቶ በፊውዝ፣ በሪሌይ፣ በማርሽ ወይም በፍሪሲዮን ማብሪያ አልፎ ሞተሪኖው ላይ ወዳለችው ትንሽ ሽቦ የሚደርሰው የትእዛዝ መንገድ ነው። ሞተሪኖ ሲቀየር ከእነዚህ ሁለት መንገዶች አንዱም አይቀየርም።

የመጀመሪያው ምስክር ድምፅ ነው። ቁልፉ ሲዞር በተከታታይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ነው። አንዴ ጠንከር ብሎ ቀጭ ካለና ከቆመ ትእዛዙ ደርሷል፤ ጉልበቱ ግን አልደረሰም፤ ወይም ሞተሪኖው ራሱ፣ አለዚያም የመኪናው ሞተር ተይዟል። ጭራሽ ዝም ካለ ትእዛዙ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ከዞረና ሞተሩን ካልያዘው ደግሞ ጥርሱ አልተናከሰም፤ ምናልባትም የተገዛው ሞተሪኖ የዚያ መኪና አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር መብራት ነው። የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር። መብራቱ ጭልም ካለ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም መጋጠሚያው አይችልም፣ ወይም አንድ የተያዘ ነገር ብዙ ኃይል እየጠየቀ ነው። መብራቱ ምንም ካልተለወጠ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው ፈጽሞ አልሄደም ማለት ነው።

ሦስተኛውና ታማኙ ምስክር የቮልት መለኪያ ነው። ጤነኛና የተሞላ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተር ሲያስነሳ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን እያዞረ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ፣ ከዚያም ከሞተሪኖው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ድረስ ይለካል። በአንዱ ወገን ከግማሽ ቮልት በላይ ከጠፋ ጥፋተኛው እዚያ መንገድ ላይ ተገኝቷል። ኬብሉ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የተበላ፣ መጋጠሚያው አረንጓዴ ዝገት የያዘ፣ ወይም የኔጌቲቩ ኬብል ቀለም በተቀባ ብረት ላይ የታሰረ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም በትንሿ ሽቦ ላይ ቁልፉ ሲዞር የባትሪውን ያህል ቮልት መድረሱ ይታያል። ካልደረሰ ቁልፉ፣ ፊውዙ፣ ሪሌዩ፣ የማርሹ ማብሪያ፣ በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ የቁልፍ መለያው የስርቆት መከላከያ በየተራ ይጠየቃሉ። ጉልበቱም ትእዛዙም በትክክል ደርሶ ሞተሪኖው ካልዞረ ያን ጊዜ በአዲሱ ሞተሪኖ ላይ መፍረድ ይቻላል። አዲስ መሆን ንፁህ መሆን አይደለምና።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ማርሹ ፎሌ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑም የተያዘ መሆን አለበት። ምርመራው ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሞተሪኖ ከመግዛት ይልቅ መለኪያ መግዛት እንደሚረክስ ለማንም ግልጽ ነው። ሆኖም ዕቃ መቀየር ሥራ የተሠራ ያስመስላል፤ መለካት ግን ሥራ መፍታት ይመስላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ኬተሪንግ ራሱ ሲከሰስ

ኬተሪንግ ራሱ በአንድ ወቅት በዚህ ዓይነት ፍርድ ተከሷል። የእሱ የባትሪ እሳት አሰጣጥ የተገጠመላቸው መኪኖች ዳገት ሲወጡ ሞተራቸው ያንኳኳ ጀመር። ተፎካካሪዎች ጣታቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ፤ ጥፋቱ የእሳቱ ነው ተባለ። ኬተሪንግ አልተሟገተም፤ ምርመራ ከፈተ። በ1916 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ ወጣት መሐንዲስ በጉዳዩ ላይ አሰማራ። ሚጅሊ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ግፊት የሚመዘግብ መሣሪያ አሻሽሎ ሲመለከት ማንኳኳቱ የሚመጣው እሳቱ ከተሰጠ በኋላ መሆኑን አገኘ። ነዳጁ በሥርዓት መቃጠል ሲገባው ቀሪው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ጥፋተኛው ነዳጁ ሆነ፤ እሳቱ በነፃ ተሰናበተ።

እስከዚህ ያለው ምርመራ የሚያስመሰግን ነው። የሚያስወቅሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዴልኮ ተሽጦ ወደ ጄኔራል ሞተርስ ከተጠቃለለ በኋላ ኬተሪንግ ከ1920 ጀምሮ የኩባንያው ምርምር የበላይ ሆነ። ሚጅሊ ነዳጁን የሚያረጋጋ ነገር ለዓመታት ፈልጎ ታኅሣሥ 9 ቀን 1921 ቴትራኤቲል ሌድ የተባለውን የእርሳስ ውህድ አገኘ። ጥቂት ጠብታ በቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ማንኳኳቱ ጠፋ። አልኮልም ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው እነዚሁ ሰዎች ያውቁ ነበር። እርሳሱ ግን በጥቂቱ ይበቃል፣ ርካሽ ነው፣ በፓተንትም ይያዛል።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሚጅሊ ራሱ በ1923 መጀመሪያ በእርሳስ ታምሞ ዕረፍት ወጥቶ ነበር። ቢሆንም በዚያው ዓመት የካቲት እርሳስ የገባበት ቤንዚን ዴይተን ውስጥ መሸጥ ጀመረ። በ1924 ይህን የሚያመርት ኢትል የተባለ ኩባንያ ሲቋቋም ኬተሪንግ ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለ ማምረቻ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ተናውጦ ሞቱ፤ ብዙዎች ሆስፒታል ገቡ። ሽያጩ ታገደ። በ1925 በመንግሥት የጤና ኃላፊዎች የተጠራ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከአጭር ጥናት በኋላ በ1926 ሽያጩ እንደገና ተፈቀደ።

ከዚያ በኋላ ለአራት አሠርት ዓመታት ገደማ በእርሳስ ቤንዚን ጤንነት ላይ ዋናው ምስክር በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው ከእርሳስ አምራቾቹና ከመኪና ኩባንያው ነው። ስሙም የኬተሪንግ ላቦራቶሪ ይባል ነበር። ባለጉዳዩ ራሱ ምስክሩን የሚቀልብ ከሆነ ውጤቱን ለመገመት ሕግ መማር አያስፈልግም። ክሌር ፓተርሰን የተባለ ሳይንቲስት በ1965 የሰው ልጅ ከተፈጥሯዊው መጠን እጅግ የበለጠ እርሳስ እንደተሸከመ እስኪያሳይ ድረስ ጉዳዩ በቂ ተከራካሪ አላገኘም። እርሳሱ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ የኋላ ጥናቶች አረጋገጡ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ያስወገዱት እስከ 2006 መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። እኛም ከነዚሁ መካከል ነን። በታክሲና በአውቶቡስ ጭስ ውስጥ አድገን ለዚህ የበቃን ሁሉ ከኬተሪንግ ላቦራቶሪ የመጣውን እርሳስ ስበናል። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስትሆን ያቆመችው በ2021 ነው። ዴይተን ላይ የተሸጠው ቤንዚን ከመላው ዓለም ለመውጣት 98 ዓመት ፈጀበት።

የሞተሪኖው ኬተሪንግና የእርሳሱ ኬተሪንግ አንድ ሰው ናቸው። ሞተሪኖውን ሲሠራ ዑደቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተ። ቤንዚኑን ሲሠራ ግን ዑደቱ የተቋረጠው የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ነው። ከጭሱ ወዲያ ያለው ሳንባ፣ የሕፃኑ ደም፣ የፋብሪካው ሠራተኛ በመለኪያው አልተነኩም። ሞተሩ አላንኳኳም፤ ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ተቆጠረ።

ሽንፈት፣ ድልና የመጨረሻው ዘመን

ኬተሪንግ ሽንፈትንም ቀምሷል። በውኃ ፋንታ በአየርና በመዳብ የሚቀዘቅዝ ሞተር በ1923 በሸቭሮሌ መኪኖች ላይ ወጣ። ሞተሩ ይግላል፤ ኃይሉ ይወድቃል። ኩባንያው የሸጣቸውን ሰብስቦ ሥራውን አቆመ። ኬተሪንግ ጥፋቱን በአምራች ክፍሎቹ ላይ አላከከ፤ መልቀቂያም ለማስገባት ደርሶ ነበር። አለቃው አልፍሬድ ስሎን ግን አላሰናበተውም። በኋላ የሆነው ይህ ውሳኔ ትክክል እንደነበረ ያሳያል። በሠላሳዎቹ ዓመታት ኬተሪንግና ባልደረቦቹ ቀለል ያለ የባቡር ናፍጣ ሞተር ሠሩ። በግንቦት 1934 ይህንኑ ሞተር የያዘ ባቡር ከዴንቨር ቺካጎ በ13 ሰዓት ገባ። የእንፋሎት ባቡር ዘመን ማብቃቱ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ልጁ ዩጂንም በዚሁ ሥራ ተሰማርቶ ነበር።

የማቀዝቀዣ ጋዙ ታሪክም ከእርሳሱ ጋር ይመሳሰላል። የዚያ ዘመን ፍሪጆች የሚሠሩበት ጋዝ ሲያፈተልክ ሰው ይገድል ነበር። በኬተሪንግ ትእዛዝ ሚጅሊና ባልደረቦቹ የማይመርዝ፣ የማይቃጠል ጋዝ አገኙ፤ ፍሪዮን ተባለ። ወጥ ቤቱን ከአደጋ አዳነ። ከኬተሪንግ ሞት በኋላ በ1974 ግን የኦዞንን ሽፋን ሊጎዳ እንደሚችል ሳይንቲስቶች አሳዩ፤ በ1987 በሞንትሪያል ፕሮቶኮል ዓለም ሊያስወግደው ተስማማ።

ኬተሪንግ በ1945 ከስሎን ጋር ሆኖ ኒው ዮርክ ውስጥ በሁለቱ ስም የሚጠራ የካንሰር ምርምር ተቋም እንዲመሠረት ረዳ። በዓመቱ ባለቤቱ ኦሊቭ በካንሰር ሞተች። እሱ በ1947 ከጄኔራል ሞተርስ ምርምር ኃላፊነት ወጥቶ ኅዳር 25 ቀን 1958 በ82 ዓመቱ አረፈ። በስሙ የተመዘገቡት ፓተንቶች 186 እንደሆኑ ይነገራል። በዴይተን አጠገብ በስሙ የምትጠራ ከተማ አለች፤ በሚሺጋን ደግሞ በ1998 ስሙን የወሰደ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያው ግን በየጠዋቱ በዓለም ዙሪያ የሚዞረው ቁልፍ ነው።

ለኛ ለቀረነው

መሥሪያ ቤት ሥራው ሲቆም እኛም የምናደርገው ሞተሪኖውን መፍታት ነው። ሥራ አስኪያጁ ይነሳል፤ ሌላ ይሾማል። ከወራት በኋላ መሥሪያ ቤቱ አሁንም አይዞርም። አዲሱም ተሿሚ ትእዛዙ የማይደርሰው፣ በጀቱ በዛገ መጋጠሚያ የሚቀር፣ የበታቹ ሪፖርት ወደ እሱ የማይመለስ ከሆነ ከቀድሞው በምን ይለያል? የቀድሞው ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል እያልኩ አይደለም፤ ይሆናል። ግን ተጠይቆ ይሁን። ችሎት ላይ የሚሠራው ደንብ ለጋራዥም ለቢሮም ይሠራል፦ መጀመሪያ ማስረጃ፣ ከዚያ ፍርድ።

የኬተሪንግ ሕይወት ግን በዚህ ደንብ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ጥፋተኛው ተገኝቶ ሞተሩ ከተነሳ በኋላም መዝገቡን ቶሎ መዝጋት አይገባም። ያስነሳነው ሞተር ጭሱ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚተነፍሰው መጠየቅ ይቀራል። ኬተሪንግ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ በተሻለ መለሰ፤ ሁለተኛውን ለሌሎች ተወው፤ ሒሳቡን ለመክፈል ዓለም አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ወሰደበት።

ቸር ይግጠመን።